የቀበሮዋ ተረት መጨረሻ

ልጅ ሳለሁ፣ ቀየት ከምትባል የደጋ ቦታ አቅራቢያ፣ ብርዱ ግድግዳ ዘልቆ በሚገባበት ቤታችን፣ ምሽት በደረሰ ቁጥር ጎረቤታችን አያ ተሰማ አንድ ቅርጫት ኩበት ተሸክመው ይመጡ ነበር። ኩበቱን ከምድጃው ጨምረው፣ የኩራዙ ብርሃን ከፊታቸው ላይ እየተርገበገበ፣ ጢሱ ዓይናችንን እያስነባን፣ ተረት ያወሩልን ነበር። ያኔ ከእሳቸው የበለጠ ደግ ሰው በምድር ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር።

አባቴ ግን አንዱን ተረት ብቻ ደጋግመው ያስወሯቸው ነበር። «ተሰማ፣ ያችን የቀበሮዋን አውራልን።»

ቀበሮዋ ግልገል በልታ ደሙን ከተኛ ውሻ አፍ ላይ ትቀባለች፤ ጌታው ውሻውን ያስረዋል። አያ ተሰማ ከዚህ ሲደርሱ ያቆማሉ።

«አያ፣ ቀበሮዋስ?»

«እሷማ ሄደች። ተኙ አሁን! የእናንተ ጆሮ መቼም አይጠግብ!»

እነዚያ የተረት ምሽቶች ከመጀመራቸው በፊት በነበረው ዓመት የአንድ ባላገር የገብስ ክምር ተቃጥሎ አውጫጭኝ ተጠርቶ ነበር። ወንዱ ሁሉ ከሜዳ ተቀምጦ፣ ያቃጠለው እስኪታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይገባም፤ እያንዳንዱም በደብሩ ታቦት ስም ይምላል። አያ ተሰማ ቀድመው ማሉ። አባቴ ግን ዳግመኛ ላይምሉ ለነፍስ አባታቸው ቃል ገብተው ነበርና እምቢ አሉ። አገሩ እምቢታቸውን እንደ ጥፋት ቆጠረው። በሬዎቻቸው ለካሳ ተነዱ፤ ከማኅበሩ ጽዋም ተገለሉ። የእርሻ ወራት ሲደርስ ማሳችንን በገዛ በሬዎቻቸው ያረሱልን አያ ተሰማ ነበሩ።

መንግሥት ተለውጦ የመሬት ሽግሽግ በሚወራበት ዘመን፣ እኔም የልጆች አባት ከሆንሁ በኋላ፣ አባቴ ታመሙ። እናቴ ያን ጊዜ ነገረችኝ። ክምሩ በተቃጠለ ማግስት አባቴ የአያ ተሰማን በርኖስ ጫፍ በእሳት ተለብልቦ አይተዋል። ነገር ግን ምስክርም መማል ነበረበት። ስለዚህ ዝም አሉ፤ ዝም ብለውም በየምሽቱ በርጩማ አቀረቡላቸው።

አባቴ ሊሞቱ ሲቃረቡ፣ ድምፃቸው ተዳክሞ፣ «ተሰማ፣ ቀበሮዋስ ምን ሆነች?» አሉ።

አያ ተሰማ ፍሙን ረጅም ጊዜ ቆሰቆሱ። «ኖረች፣ ኃይሌ። ሌላ ምን ትሁን? ለውሻው አጥንት እያመጣች ኖረች።»

«ፈታችው?»

«አልፈታችውም።»

አባቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ጸጸት ሰውን ወደ እውነት ይመራዋል ሲባል እሰማለሁ፤ እኔ ያየሁት ሌላ ነው። እኒያ ሰው አባቴን ነጻ የምታወጣውን አንዲት ቃል በአገር ፊት ከመተንፈስ፣ ዕድሜ ልካቸውን ኩበት መሸከም ቀለላቸው። አባቴም ቢሆኑ ከይቅርታ ይልቅ ያን ኩበት መረጡ።

በአባቴ ሠልስት ማታ አያ ተሰማ ቅርጫታቸውን ይዘው፣ ጎንበስ ብለው ከደጃችን ቆሙ። በርጩማውን እኔ አቀረብሁላቸው። ልጆቼንም ከእሳቱ ዙሪያ ሰብስቤ፣ «አያ፣ ያችን የቀበሮዋን ያውሩልን» አልኋቸው።