አባባ በየለቅሶው የሠሩት ካርታ

አያቴ አባባ ጡረታ እስኪወጡ የሠሩት ወባ መከላከል ላይ ነው። ከወጡም በኋላ አልተዉትም። ቀበና ውስጥ ለቅሶ አይቀሩም፤ ለቅሶ ከየአገሩ ዘመድ ያመጣላ። ድንኳን ውስጥ ከቆላ የመጣ እንግዳ አጠገብ ይቀመጡና «እግዜር ያጥናችሁ» ይላሉ። ከዚያ «እናንተ ጋ ዘንድሮ ትኩሳት እንዴት ነው?»

ቤት ሲገቡ ካርታቸው ላይ ቦታውን በቀይ ያከብቡታል። ቀዩ በየዓመቱ ወደ ደጋው ይጠጋ ነበር።

«አባባ፣ ሰው እያለቀሰ ስለ ትንኝ ይጠይቃሉ? ያሳፍራሉ እኮ» አልኳቸው አንዴ።

«አንቺ ደግሞ። ጤና ጣቢያ ያልሄደ በሽተኛ መዝገብ ላይ የለም። ካልጠየቅኩ ማን ይነግረኛል?»

ባለፈው ሳምንት ድንኳኑ የእሳቸው ነበር። ከመተሐራ የመጣችው አክስቴ ሁለት ልጆቿን ትኩሳት ይዟቸው ትታ እንደመጣች ስታወራ ሰማሁ። ማንም ምንም አልጠየቃትም። እኔም ንፍሮ ማደሌን ቀጠልኩ። አላለቀስኩም።

ትናንት ደወልኩላት። ልጆቹ ተሽሏቸዋል። «ትኩሳቱ ሌላስ ማን ቤት ገባ?» አልኳት። «ቆይ፣ ከጎረቤት ልጀምርልሽ» አለች።

ካርታው ላይ መተሐራን ለማግኘት ብዙ ፈለግኩ። ያን ሁሉ ዓመት ግድግዳችን ላይ ተሰቅሎ አንድም ቀን ቀርቤ አላየሁትም ነበር።