ያልደረቀ አንቲረስት

ልጄ ናታን ሰሞኑን የፕላስቲክ አውሮፕላን ገጣጥሞ፣ እስክሪብቶ በምታክል መርጫ ግራጫውን የመጀመሪያ ቅብ ሲነፋባት፣ የቲነሩ ሽታ ወጥ ቤት ድረስ መጥቶ አፍንጫዬን ሞላው፤ የያዝኩትን ቢላዋ አስቀምጬ ተቀመጥኩ። ሌላው ሰው የልጅነቱ ሽታ ሲመጣበት ፈገግ ይላል። እኔ ጥርሴን ነከስኩ።

በደርግ ጊዜ አዲስ ከተማ ስንኖር አባባ ጋራዥ ውስጥ መኪና ቀቢ ነበር፤ ታላቅ ወንድሜ ማርቆስም ከአባባ የተረፈውን ቀለም እየለመነ፣ ከዘይት ቆርቆሮ አውቶቡስና ጀልባ ይሠራ ነበር። ቆርቆሮ መቁረጥ የኔ ሥራ ስለነበር የእማዬን መቀስ አደነዘዝሽ እየተባልኩ የቀመስኩት ቁንጥጫ ተቆጥሮ አያልቅም። ማርቆስ ቀለም የሚነፋው በፍሊት መርጫ ነበርና ቤታችን ውስጥ ቢምቢ እንደ ልቧ እየኖረች የእኛ አውቶቡሶች ያብረቀርቁ ነበር። ስለ ታችኛው ቅብ ሲያወራ ሰባኪ ይመስላል፤ ቆርቆሮው ቅባቱ በሳሙና ታጥቦ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፈግፍጎ፣ ዝገት የሚከላከለው አንቲረስት በስሱ ተነፍቶበት ማደር አለበት፤ በተለይ ከላይ የሚመጣው በቲነር የሚቀጥነው የመኪና ቀለም፣ ኒትሮ፣ ከሆነ ያልደረቀውን አንቲረስት አቃጥሎ ያኮማትረዋል ይል ነበር።

ይህን ሙያውን የሰማው የቀበሌያችን ሊቀመንበር ለአብዮት በዓል ሰልፍ በትከሻ የምትያዝ ትልቅ አውሮፕላን ሥራ ብሎ አዘዘው። የብሔራዊ ውትድርና አፈሳ ሰፈሩን ከጎረምሳ እያራቆተ ነበርና እማዬን ጠርቶ፣ «ልጅሽ ይቺን አሳምሮ ከሠራ፣ ቀበሌው ባለሙያ ያስፈልገዋል ብዬ አስቀረዋለሁ» አላት። እማዬ ጉልበቱን ልትስም ምንም አልቀራት። እኔ ክንፏን ቆረጥኩ፣ ማርቆስ በየዳው፣ አባባ ከጋራዥ ግራጫ አንቲረስት አመጣ፤ ቤቱ በሙሉ በዚያች አውሮፕላን ላይ ተንጠለጠለ።

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ አንቲረስቱ ገና ሳይደርቅ፣ እጅ ላይ ሲጣበቅ ሊቀመንበሩ አንድ ቆርቆሮ ቀይ ኒትሮ ይዞ ገባ።

«ይሄ ምንድን ነው? አይጥ ነው እንዴ የሠራኸው? ማታ የበላይ ጓዶች ያዩታል፤ አሁኑኑ ቀይ አድርገው!»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ አንድ ሌሊት ብቻ ይታገሱኝ፤ ከደረቀ በማለዳ ነፍቼ አደርሳለሁ» አለ ማርቆስ።

አባባ «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ብሎ አጉተመተመ። ሊቀመንበሩ ዞር ብሎ አየው፤ ማርቆስም መርጫውን አነሳ።

አውሮፕላኗ ማታ ደምቃ አመሸች፤ ጓዶቹም አጨበጨቡ። ሲነጋ ግን ቀለሙ እንደ ወተት ስልባቦት ተኮማትሮ፣ ሰልፉ ላይ ፀሐይ ሲያገኘው በተሸካሚዎቹ ትከሻ ላይ እየተቀረፈ ይረግፍ ጀመር። ሕዝቡ ሳቀ። ሊቀመንበሩ ያን ሳቅ አልረሳውም፤ «አሻጥር ነው» አለ። በራሱ አፍ ያዘዘውን፣ በራሱ እጅ ያመጣውን ቀለም «አሻጥር» አለው! በሳምንቱ ማርቆስን ከደጃችን ወስደው መኪና ላይ ጫኑት። ደርግ ወድቆ የሌላው ሰው ልጅ ከጦር ሜዳ ሲመለስ እማዬ መናኸሪያ እየሄደች ትቆም ነበር፤ የእሷ ልጅ አልመጣም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳትሉኝ። ጅቡ የት ሄደና? ያ ሊቀመንበር ዛሬም ታቦር ሰፈር ይኖራል፤ ከዘራ ይዞ ይመርቃል፣ ያስታርቃል፣ ለቅሶ ቤት ወንበር ይለቀቅለታል። ባለፈው እኔ ከተቀመጥኩበት ድንኳን ሲገባ ይህ የተረገመ እግሬ ከሰው ጋር ብድግ አለ፤ አፌም «ኖር» አለ። አጠገቤ ተቀምጦ፣ «ወንድምሽ እኮ እጁ ወርቅ ነበር፤ ምን ዋጋ አለው፣ ጊዜው ክፉ ነበር» አለኝ። ጊዜው! ጊዜው ነው ቀዩን ቆርቆሮ ተሸክሞ ቤታችን የገባው? ይህን ልጠይቀው አፌ ላይ መጥቶ፣ የሰው ለቅሶ ነው ብዬ ዋጥኩት፤ እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ላይ አለ።

ናታን አውሮፕላኗን መስኮቱ ሥር አኑሮ እጁን ታጠበ። ቀለሟን መቼ እንደሚቀባት ጠየቅኩት።

«ነገ ነዋ፣ እማ፤ ይደር እንጂ» ብሎኝ ሊተኛ ሄደ።

ማንም አልጮኸበትም። ወንድሜም የለመነው ይህችኑ ነበር፤ አንድ ሌሊት።