ዋናው ጀርመንኛ፣ ደባሉ ፈረንሳይኛ

በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን፣ አዳማ ገና ከባቡር ጣቢያዋ ብዙም ሳትርቅ፣ ገርባ የሚባል ትርጁማን ነበረ። ሥራው ከዳኛው ፊት ቆሞ የኦሮምኛውን ቃል ባማርኛ፣ ያማርኛውን በኦሮምኛ ማድረስ ነው። ዳኛው ከአማርኛ ሌላ አያውቅም፤ ከቆላ የሚመጣው ባለጉዳይም ከኦሮምኛ ሌላ አያውቅም፤ ስለዚህ ገርባ የታመመ ቀን ችሎት አይቀመጥም። ረጋ ያለ፣ ሰው ነገሩን ሳይጨርስ አፉን የማይከፍት ሰው ነበር። "ትርጁማን ከቸኮለ ደም ያፋስሳል" ይል ነበር። ይህን የሚለውም ለቀልድ አይደለም።

ወደ አርባው ሲጠጋ ትምህርት ቤት ገባ። ነገሩ እንዲህ ነው። ሊንደማን የሚባል ጀርመናዊ የሚስዮን አስተማሪ ከጣቢያው ጀርባ ባንዲት ቆርቆሮ ቤት የቋንቋ ትምህርት ከፈተ። ደንቡ ጥብቅ ነበር፤ ተማሪ ሁሉ አንድ ዋና ቋንቋና አንድ ደባል ቋንቋ ይመርጣል፤ ሁለቱንም ሳያልፍ አይመረቅም። የከተማው ሰው ወዲያው ዋናውን ፈረንሳይኛ አደረገ። ባቡሩ የፈረንሳዮች ነውና ፈረንሳይኛ ያወቀ ሰው ጣቢያ ይቀጠራል፣ ዕቃ ቤት ይሾማል። ጀርመንኛን ደባል ያደረጉትም አስተማሪው ቅር እንዳይለው ብለው ነው።

ገርባም የመጣው ለፈረንሳይኛ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ሊንደማን አንዲት ዓረፍተ ነገር በሁለቱም ቋንቋ ጻፈና ቃል በቃል አስረዳ። በፈረንሳይኛው ልጁ "በላ" ይልና ዳቦውን ያስከትላል። በጀርመንኛው ግን ልጁ መጣ፣ ዳቦው መጣ፣ "በላ" የሚለው ቃል መጨረሻ ላይ ቁጭ አለ። ገርባ ሰሌዳው ላይ አፍጥጦ ቀረ።

"ሁልጊዜ እንዲህ ነው?" አለ።

"ሁልጊዜ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ግን እንዲህ ነው። ያስቸግርዎታል?"

"ኧረ አያስቸግረኝም። ዕድሜ ልኬን ስጠብቅ የኖርኩት ይህንኑ መጨረሻ ነው" አለና ዋናውን ጀርመንኛ አደረገ። ደባሉንም ፈረንሳይኛ አለ፤ እንዲያው ለደንቡ ያህል።

ሚስቱ መሪማ ከወሎ የመጣች፣ በገበያ በርበሬና አብሽ የምትሸጥ ሴት ናት። ስትሰማ አልተቆጣችም፤ የምትለቅመውን አብሽ አስቀመጠችና፣

"ምን ልትሆንበት ነው?" አለችው።

"እንጃ።"

"ባቡሩ ጀርመንኛ አይሰማም፣ ገርባ።"

"ባቡሩ ፈረንሳይኛም አይሰማም። የሚሰማው እሳት ነው።"

"እሺ ይሁን፤ ሃይማኖትህንስ ቢነኩብህ?"

ይህ እሱንም ያሳስበው ስለነበር በማግሥቱ ሊንደማንን ፊት ለፊት ጠየቀው። ሊንደማን መነጽሩን አውልቆ፣ "ስብከት እሑድ ነው። ከሰኞ እስከ ዐርብ ግሥ ብቻ ነው" አለው። ቃሉንም ጠበቀ። ገርባ ሶላቱ ሲደርስ ወጥቶ ይሰግዳል፤ ሲመለስም ያቆሙበት መስመር ላይ ይጠብቀዋል።

ትምህርቱ ቀላል አልነበረም። ግሡ ቢስማማውም ዕቃው ሁሉ ወንድ፣ ሴት ወይም ሁለቱንም ያልሆነ መባሉ ራሱን አዞረው። ጠረጴዛ ወንድ ነው፤ በር ሴት ናት፤ ልጃገረድ ግን ወንድም ሴትም አይደለችም። "ልጃገረድ እንዴት ሴት አትሆንም?" ብሎ ተሟገተ። "እኔም አላውቅም፤ አባቶቻችን እንዲህ አሉ" አለው ሊንደማን። ማታ ለመሪማ ሲነግራት እስክታነባ ሳቀች። ከዚያ ወዲያ ከትምህርት በተመለሰ ቁጥር "ዛሬስ ማን ሴት ሆነ?" ሳትለው እራት አታቀርብም።

ጊዜው ሲገፋ ሌሎቹ ጀርመንኛውን እየተዉ ጣቢያ ተቀጠሩ። ገርባ ብቻውን ቀረ። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ሁለቱ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ያነባሉ፣ ያወራሉ። አንድ ቀን ሊንደማን እንዲህ አለው፦ "ጣቢያ ስሄድ ፈረንሳይኛ፣ ገበያ ስወጣ አማርኛ እናገራለሁ። ራሴን የምሰማው ከእርስዎ ጋር ስሆን ነው።" ገርባ ሻዩን ቀዳለት።

ዝናብ በቀረበት ዓመት ከሶደሬ ፍልውኃ በታች ጠብ ተነሣ። ብሩነር የሚባል ጀርመናዊ ገበሬ በአዋሽ ዳር መሬት ተከራይቶ ጥጥ ይዘራ ነበር። ከብት ወደ ወንዝ የሚወርድበትን መንገድ በእሾህ አጠረው። የተጠሙት ከብቶች አጥሩን ጥሰው ቡቃያውን ረገጡት። ከዚያ በፊት ለመነጋገር ተሞክሮ ነበር፤ ብሩነር በተሰባበረ ፈረንሳይኛ ለጣቢያ ጸሐፊ፣ ጸሐፊው ባማርኛ ለጭቃ ሹሙ፣ ጭቃ ሹሙ በኦሮምኛ ለአርብቶ አደሩ። ቃሉ ሦስት አፍ ዞሮ ሲደርስ ኮምጥጦ ይደርሳል። ስለዚህ ዳኛው "እስቲ አንተ በቀጥታ አነጋግራቸው" ብሎ ገርባን ላከው።

ገርባ ሲደርስ ብሩነር ጠመንጃውን በትከሻው አንግቶ ከአጥሩ ወዲያ ቆሟል። ከወዲህ የአካባቢው ሽማግሌ ኦቦ ባጫ፣ ከኋላቸውም ጦር የያዙ ጎልማሶች፣ ከነሱም ኋላ ጥማት የሚያስጮኻቸው ከብቶች። ገርባ ሽማግሌውን "አካም ጅርቱ፣ ኦቦ" ብሎ ተሳለመ፤ ወደ ገበሬውም ዞሮ በቋንቋው ሰላም አለው። ብሩነር ደነገጠ። በዚያ በረሃ የናቱን ቋንቋ እሰማለሁ ብሎ አላሰበም። ድንጋጤው ግን ንዴቱን አላበረደውም። ስለ ቡቃያው፣ ስለ ድካሙ ተናገረ፤ ገርባ አደረሰ። ባጫ ወንዙ የአያቶቻቸው መጠጫ መሆኑን ተናገሩ፤ ገርባ ይህንንም አደረሰ። ያኔ ብሩነር ፊቱ ቀልቶ፣

"ኢኽ ቬርደ ኦይረ ሪንደር ሞርገን አም ፍሉስ…" አለና ትንፋሽ አጥሮት ቆመ። እጁ የጠመንጃውን ማንገቻ ይዟል።

"ምን አለ?" አሉ ባጫ።

"አልጨረሰም፣ ኦቦ።"

"ያለውን ያህል ንገረን እንጂ።"

"'እኔ ከብቶቻችሁን ነገ ወንዙ ዳር' ነው ያለው። ምን እንደሚያደርጋቸው ገና አልተናገረም።"

ከጎልማሶቹ አንዱ ጦሩን ከመሬት ነቀለ። ባጫ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው ከለከሉት። ለኦሮምኛ ተናጋሪ ነገር ከመጨረሻው ቃል በፊት ነገር እንዳልሆነ ማንም አያስተምራቸውም። "እንግዲያው እንጠብቀዋለን" አሉና መሬት ላይ ተቀመጡ። ሌሎቹም ተከትለው ተቀመጡ።

"ለምን ተቀመጡ?" አለ ብሩነር ግራ ተጋብቶ።

"ግሡን እየጠበቁ ነው" አለው ገርባ በጀርመንኛ።

ብሩነር የተቀመጡትን ሰዎች አየ። ከኋላቸው አንዲት ላም ምላሷን አውጥታ እሾሁን ትልሳለች። እሱም ቀስ ብሎ ማንገቻውን ለቀቀና ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ትሪንከን ላሰን" አለ።

"'ነገ ወንዙ ዳር ውኃ እንዲጠጡ እለቃቸዋለሁ' ነው ያለው" አለ ገርባ።

ባጫ ላሚቱን አይተው፣ "ነገ ሩቅ ነው፤ ዛሬስ?" አሉ። ገርባ አደረሰ። ብሩነር መልስ ሳይሰጥ አጥሩን በገዛ እጁ መጎተት ጀመረ፤ ጎልማሶቹም ገብተው ረዱት። በሳምንቱ የባጫ ሰዎች የተረገጠውን ማሳ መልሰው አረሱለት፤ እሱም አጥሩን ወደ ጎን ሰብስቦ ለከብት መውረጃ ተወ።

ብሩነር ገርባን እስከ መንገዱ ሲሸኘው፣ "አፌ ላይ የነበረው ሌላ ቃል ነበር" አለው።

"ገብቶኛል" አለ ገርባ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ አውሮፓ ችግር ገባና ሚስዮኑ ሊንደማንን ወደ አገሩ ጠራው። ከመሄዱ በፊት ገርባን በረንዳው ላይ ፈተነው። "የአዋሹን ነገር በጀርመንኛ ይተርኩልኝ" አለው። ገርባ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተረከለት። ሊንደማን ሴት የተባለ አንድ ወንድ ዕቃ ብቻ አረመ። ከዚያም፣

"ዋናውን አልፈዋል። ደባሉስ?"

ገርባ አንገቱን ደፋ። ፈረንሳይኛውን ገና ሳይገፋበት ትቶታል።

"ያለ ደባል አላስመርቅዎትም" አለ ሊንደማን። ደንብ ደንብ ነው። በዚያ በጋ ገርባ እያጉረመረመ ፈረንሳይኛ አጠና፤ አስተማሪውም ዕቃውን ጠቅልሎ እያለ ጉዞውን አንዴ አስተላለፈለት። አለፈም፤ በጭንቅ ቢሆንም። ጣቢያው ላይ ተሰነባበቱ። ባቡሩ ሲነሣ ሊንደማን በመስኮት አንድ ነገር ጮኾ ተናገረ፤ የመንኮራኩሩ ድምፅ ዋጠው።

እንጀራ የሆነለት ደባሉ ነበር። ጣቢያው ፈረንሳይኛ፣ አማርኛና ኦሮምኛ የሚያውቅ ሰው ፈልጎ ገርባን ቀጠረው። መሪማ "እኔ ምን ብዬህ ነበር?" አላለችውም፤ ፊቷ ግን ይለው ነበር። ጀርመንኛው ለገበያ ቀን ቀረ። ብሩነር በርበሬ ሊገዛ ሲመጣ ከመሪማ መደብ አጠገብ ተቀምጠው ስለ ዝናቡና ስለ ጥጡ ያወራሉ።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ገርባ ገና ከጣቢያ ሳይመለስ ብሩነር መጣ። መሪማ ሚዛኗን አስቀምጣ፣ ሻሿን አስተካክላ፣ "ጉተን ሞርገን፣ ሄር ብሩነር" አለችው፤ እንደምን አደሩ ማለቷ ነው። ብሩነር ወደ ምዕራብ ያዘነበለችውን ፀሐይ አየት አደረገና ባርኔጣውን አውልቆ እሱም እንደምን አደሩ አላት። ከዚያ በርበሬውን መረጠ።