በሁለቱ ቅጂዎች ውስጥ የቀረው ስህተት

የኮምፒውተሩን ቁልፎች የምትመታቸው እንደ ደመኛ ነው። ፀጉሯን ጠቅልላ እርሳስ ሰክታበታለች፤ የሹራቧ ክርን ጠረጴዛ ሲታከክ ኖሮ አልቋል። ሥራዋ ኮምፒውተር ከዲስክ ጋር የሚግባባበትን ፕሮግራም መጠገን ነው። ለሦስት ዓይነት ዲስክ ሦስት ፕሮግራም አለ፤ ግማሽ ክፍላቸው ግን አንዱ ከሌላው እንዳለ የተገለበጠ ነው። አምና አንድ ስህተት ተገኘና በአንደኛው ታረመ። ያው ስህተት የቀረባቸውን ሌሎቹን ሁለት ቅጂዎች ዞር ብሎ ያያቸው አልነበረም።

ዛሬ የጋራውን ክፍል አንድ ቦታ ሰብስባ ቅጂዎቹን ልትሰርዝ ስትል አለቃዋ መጥተው ከኋላዋ ቆሙ።

"እህቴ፣ የሚሠራን ነገር ምን አስነካሽ? ነገ ቢበላሽ እኮ ጣጣው እኔ ላይ ነው።"

"ይሠራል ያለዎት ማነው፣ ጋሼ?" አለች ሳትዞር። "ሁለቱ አሁንም ፋይል ይበላሉ። 'ተቀምጧል' ብለው ሰውን ያሳምኑታል፤ ሲከፍተው ባዶ ነው።"

"ቅሬታ ያቀረበ ሰው አለ?"

አሁን ዞረች። ዓይኗ ደም መስሏል።

"አለ፤ እኔ። ከበሏቸው ፋይሎች በአንዱ የእናቴ ድምፅ ነበረበት። ሳትሞት የቀዳሁት፣ እየሳቀች ስትመርቀኝ።"

አለቃዋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ታዲያ ይሄን ብታስተካክዪው ድምፁ ይመለሳል?" አሉ ቀስ ብለው።

"የእኔ እናት አትመለስም። የሌላው ሰው እናት ግን እዚህ አትጠፋም። አሁን ይፍቀዱልኝና ቅጂዎቹን ልሰርዛቸው፤ ካልሆነም ያልፈቀዱት እርስዎ እንደሆኑ ፋይሉ ለሚጠፋበት ሰው ራስዎ ይንገሩ።"

"ሰርዢያቸው" አሉ።