የገብርኤል ዕለት ልኬት

ጃለታ በሰው ፊት ቆሞ መናገር ሞት ይመስለዋል። ተማሪ ሳለም መልሱን እያወቀ እጁን የማያወጣ ልጅ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የውሃ ምሕንድስና ሲማር ከሰው ይልቅ ከመጻሕፍት ጋር ተወዳጀ። በሩቅ አገር ከምድር በታች የድንጋይ ከሰል ሲቆፈር ከላይ ያለው ጅረት እንዴት ሰርጎ እንደሚጠፋ ባነበበ ጊዜ፣ ሱሉልታ ያለው የአክስቱ የወይዘሮ ያለምወርቅ የጎመን ማሳ ትዝ አለው።

ከማሳው በላይ የድንጋይ ካባ አለ። ካባው በጠለቀ ቁጥር ውሃ ያቁራል፤ ሠራተኞቹም ውሃውን በፓምፕ እየሳቡ ወደ ሌላ ሸለቆ ይደፉታል። ገበሬዎቹ «ጅረታችን ከሳ» ይላሉ፤ የካባው ሥራ አስኪያጅ አቶ አጵሎስ «አልከሳም» ይላል። አሁን ደግሞ ካባውን ሊያሰፋ የነዋሪውን ፊርማ ፈለገ። በመጨረሻ ሁለቱም ወገኖች ጃለታ እንዲለካ ተስማሙ፤ ጅረቱ ቀንሶ ከተገኘ ፊርማ የለም፣ ካልቀነሰ ይፈረማል።

ጃለታ ለታኅሣሥ ገብርኤል አገሩ ገባ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጊዜ አላባክንም ብሎ ከማሳዎቹ በታች ወዳለው የጅረቱ መሻገሪያ ወረደ፤ ሱሪውን ሰብስቦ ብርቱካን ውሃው ላይ ለቀቀ፤ የመንሳፈፏን ፍጥነት ከጅረቱ ስፋትና ጥልቀት ጋር አባዝቶ አሰላ። ውጤቱን ካባው ሳይከፈት በፊት ከተወሰደው ልኬት ጋር ቢያስተያየው እኩል ሆነ። ደንግጦ ደገመው፤ ያው ነው። ዓይኑ ጅረቱ መክሳቱን ቢነግረውም ስሌቱን አመነ።

በቀበሌው አዳራሽ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ፣ «ጅረቱ… አልቀነሰም» ሲል አክስቱ አንገቷን ደፋች።

«ሰማችሁ?» አለ አቶ አጵሎስ፤ «እኔ አይደለሁም ያልኩት፤ የገዛ ልጃችሁ ነው!» ወዲያውም ጃለታ ሲለካ ሰው ልኮ ያስነሳውን ፎቶ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ አበራው።

ጃለታ ቀና ብሎ ራሱን አየ። ጅረቱ መካከል ቆሟል፤ ትከሻው ላይ ነጭ ነጠላ ጣል አድርጓል። ነጠላውን ሲያይ የለካበት ዕለት በዓል እንደነበረ አሁን ገና ልብ አለ።

በበዓል ማሳ ውሃ አይጠጣም። በዋዜማው እያንዳንዱ ገበሬ ከጅረቱ የሚጠልፈውን ቦይ በአፈር ይደፍነዋል፤ በማግስቱ ጅረቱ ማንም ሳይነካው ሙሉውን ይወርዳል። የድሮው ልኬት ግን የተወሰደው በሥራ ቀን፣ ማሳው ሁሉ እየጠጣ ነው። እኩል ሆኑ ማለት ማሳዎቹ የሚጠጡት ያህል ውሃ ጠፍቷል ማለት ነው። ይህን ማወቅ ትምህርት አይጠይቅም፤ በልጅነቱ የአክስቱን ቦይ በዋዜማ የሚደፍነው እሱ ነበር።

የውሃ ዳኛው ኦቦ ቢቂላ በነዋሪው ስም ሊፈርሙ ብዕር አንስተዋል። ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም ነበር።

«ኦቦ ቢቂላ… አይፈርሙ።»

«ማል ጄታ? ምን አልክ ልጄ?»

«ተሳስቻለሁ። የለካሁት በገብርኤል ነው። ቦዩ ሁሉ ተደፍኖ ነበር።»

ከኋላ አንዱ «ገብርኤል ውሃ ጨምሮለት ነዋ!» ሲል ሳቅ ፈነዳ። የጃለታ ጆሮ ጋለ።

«እንግዲህ ማንን እንመን?» አለ አቶ አጵሎስ፤ «ቅድም ሌላ፣ አሁን ሌላ!»

«ማንንም አትመን» አሉ ኦቦ ቢቂላ ብዕሩን እያስቀመጡ፤ «ነገ የሥራ ቀን ነው። ውረድና በዓይንህ እይ።»

በማግስቱ ቦዮቹ ተከፍተው ማሳው ሲጠጣ ሁሉም መሻገሪያው ላይ ተሰበሰበ። ጃለታ ብርቱካኗን ለቀቀ። ጥቂት ሄደችና ጠጠር ላይ ተቀመጠች።

«ምነው፣ ይቺ በእግሯ ልትሄድ ነው እንዴ?» አሉ ኦቦ ቢቂላ። ሰው ሳቀ። አቶ አጵሎስ ያልተፈረመበትን ወረቀት አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ወደ መኪናው አመራ።

ጃለታ ብቻ አልሳቀም።

«ቀና በል እንጂ ጃሌ» አለች አክስቱ፤ «እውነቱን ተናግረህ የለም እንዴ?»

«አክስቴ፣ ቦይሽን የምደፍነው እኔ አልነበርኩም?»

ወይዘሮ ያለምወርቅ ቀሚሷን ሰብስባ ጅረቱ ውስጥ ገባች፤ ውሃው ቁርጭምጭሚቷን እንኳ አልሸፈነም። ብርቱካኗን አንስታ እጁ ላይ አኖረችለት።

«በል፣ ድገመው። ዘግይተው የመጡትም ይዩ።»

አንገቱን እንደደፋ ብርቱካኗን ለቀቃት።