የጳጉሜ ሳጥን

ደባሱ ወልደ ኪዳን የገነተ ማርያም የቄስ ልጅ ነው፤ የዘመን ቆጠራውን ትምህርት፣ ባሕረ ሐሳብን፣ ሳይጨርስ ወደ አስኳላ የኮበለለ። በ፲፱፻፸፮ ክረምት፣ ላስታ በረሃብ ሲረግፍ፣ በላሊበላ የእርዳታ መጋዘን በጄኔሬተር ከምትሠራ ትንሽ ኮምፒውተር ፊት አስቀመጡት። የእህል ማከፋፈያው ፕሮግራም ፎርትራን በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ ተጽፎ ለአዲስ አበባው ትልቅ መሣሪያ የተሠራ ነበር። ትንሿ የምታውቀው ፓስካል የተባለውን ሌላ ቋንቋ ብቻ ስለሆነ፣ ደባሱ ወደ ፓስካል መለሰው።

ጳጉሜ ሲገባ ፕሮግራሙ ቀጥ አለ። «ከልክ ውጭ» ብሎ።

ደባሱ ሁለቱን ፕሮግራሞች ጎን ለጎን አድርጎ አነበበ። ዋናውን የጻፈው ፈረንጅ ለየወረዳው የየወሩ እህል የሚመዘገብበት አሥራ ሁለት ሳጥን ደርድሯል፤ ለርሱ ዓመት ማለት አሥራ ሁለት ወር ነው። የቡግና ወረዳ ጳጉሜ ሳጥን ሲያጣ፣ ፎርትራን ወሰን ሳይጠይቅ በቀጣዩ ሳጥን፣ በግዳን ወረዳ መስከረም ላይ፣ ዝም ብሎ ይጽፋል። ግዳን ሳይቀምስ «ወስዷል» ይባላል። ፓስካል ግን የሌለ ሳጥን ሲጠሩበት እንቢ ብሎ ይቆማል።

ደባሱ እጁን ከመሣሪያው አነሣ። ባለፈው መስከረም ግዳን ውስጥ ኩልመስክ የእህል መኪና ያልደረሰው ለዚህ ነበር። እዚያ የምትኖረው እህቱ ይማርሽ ልጇን የቀበረችው ያኔ ነው።

የመጋዘኑ ኃላፊ ታፈረ መጣ፤ ስንዴ ከገብስ የማይለይ የሰፊው ሕዝብ ጠበቃ።

«ጓድ፣ ሪፖርቱ ለአሥረኛው የአብዮት በዓል መድረስ አለበት! ፎርትራኑ አንድ ቀን ቆሞ ያውቃል?»

«ያልቆመው ስለማያይ ነው።»

«ይሄኛውም እንዳያይ አድርገው! የወሰን መቆጣጠሪያውን ማጥፋት ይቻላል አሉ።»

«በአንድ መስመር ትእዛዝ ይጠፋል። ካጠፋሁት ግን ኩልመስክ በመጪው መስከረምም ጦሙን ያድራል።»

«ወይ የቄስ ልጅ! ለአምስት ቀን ጳጉሜ አብዮቱን ታስጠብቃለህ?»

«በጳጉሜም ይራባል እኮ፣ ጓድ።»

አላጠፋውም። ለየወረዳው አሥራ ሦስተኛ ሳጥን ጨመረ፤ በተሳሳተ ሳጥን የገባውን የአምናውን ጳጉሜም እንደገና አስገባ። በዓሉ ያለ ሪፖርቱ አለፈ። መቼም መድረኩ ላይ ቁጥር አልጎደለም፤ የጠገበ አፍ ቁጥር ይወልዳል። ታፈረ ደባሱን «አድኃሪ ቢሮክራት» ብሎ ከሰሰ፤ ለሠፈራ መዝጋቢነት ወደ መተከል ሰደዱት። ከዚያ አልተመለሰም።

መስከረም ሳያልቅ ስንዴ የጫነ መኪና ኩልመስክ ገባ። ይማርሽ ድርሻዋን ተቀብላ ሾፌሩን ጠየቀች፦

«ጋሼ፣ ወንድሜ ላሊበላ መጋዘን ነው የሚሠራው፤ ደባሱ ይባላል። ያውቁታል?»

«አላውቀውም፣ እቴ።»

ስንዴውን አዝላ ሄደች።