ቁልፍና ቤት

አባቷ በአውቶቡስ መቆሚያው አጠገብ ባለች የቆርቆሮ ኪዮስክ ውስጥ ቁልፍ ይቀርጻል። የሰፈሩ ሰው «ባለቁልፉ» ይለዋል። ወሬ ነፍሱ ነው፤ ማሽኑ ሲጮኽ እሱ ከማሽኑ በላይ እየጮኸ ያወራል። በአንድ ነገር ግን ቀልድ አያውቅም። ደንበኛን ቤቱ የት እንደሆነ ጠይቆ አያውቅም፤ ደንበኛው በራሱ ሊነግረው ቢጀምር እንኳ እጁን አንሥቶ ያስቆመዋል። ቁልፍና ቤት እሱ ዘንድ መተዋወቅ የለባቸውም።

ልጁ የኮሌጅ ተማሪ ናት፣ ሁለተኛ ዓመት። ከትምህርት መልስ ከጎኑ ተቀምጣ ታግዘዋለች፤ የቁልፍ ጥርስ ማንበብንም ከፊደል እኩል ነው የተማረችው። ኢንተርኔት ላይ ምን አውጥታ ምን እንደምትደብቅ ደግሞ በደንብ አስባበታለች። የክፍሏ ልጆች ስማቸውን፣ መልካቸውን፣ የልደት ቀናቸውን ሳይቀር ሲዘረግፉ እያየች በልቧ «ሞኞች» ትላቸዋለች። እሷ በገጿ ላይ ስምም ፊትም የላትም። የቀረውን ሆድ ይፍጀው ብላለች። እንዲህ ያለችውን ጠንቃቃ ምን ያገኛታል?

ቤታቸው ከከተማው ዳር ስለሆነ ዘንድሮ ክፍል ተከራየች፤ ከኪዮስኩ ጀርባ ባለው መንገድ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ። ደስታዋን መቻል አቃታት። መጀመሪያ ከመስኮቷ የሚታየውን ፎቶ አንሥታ ገጿ ላይ ለጠፈች፤ ፊት ለፊት ያለው የመድኃኒት ቤት ጽሑፍ ከሁለተኛ ፎቅ ቁልቁል እንደታየ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። በማግሥቱ ጠዋት ቁልፉን መዳፏ ላይ አስቀምጣ ፎቶ አነሣችና «ብቻዬን የምኖርበት ቤት» ብላ ለጠፈች።

ኮሌጅ ገብታ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ የሚያወድሷትን ስታነብብ ፎቶውን አጎላችው። ያኔ ዓይኗ ሳታዝዘው ጥርሶቹን ማንበብ ጀመረ፤ ጥልቅ፣ ጥልቅ፣ ብዙ ያልጠለቀ፣ መካከለኛ። ክው አለች። ይህንን ቁልፍ እሷ ከፎቶው ላይ መቅረጽ ትችላለች። እሷ ከቻለች ሌላውም ይችላል። ወዲያው አጠፋችው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ።

ለአባቷ ግን መንገር አፈረች። የባለቁልፍ ልጅ ቁልፏን ለዓለም አሳየች ሲባል ምን ይላል? አንድ አዲስ ጋን ቁልፍ ከመደርደሪያው መውሰድ አሰበች፣ ለምን ብሎ ቢጠይቃትስ ብላ ተወችው። ያን ሌሊት በሩን በወንበር ደግፋ ተኛች፣ ተኛች ከተባለ። ደረጃው ላይ ኮቴ በሰማች ቁጥር ተነሥታ ወንበሩን ታጠብቅ ነበር።

አንድ ሰው ወደ ኪዮስኩ የመጣው በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ነው። ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ፣ አነጋገሩ ለስላሳ። ስልኩን በባንኮው ላይ ገፋ አደረገላት።

«እህቴ፣ የባለቤቴ ቁልፍ ነው። ጠፍቶባት ፎቶው ብቻ ነው የቀረን። ከዚህ ላይ ይቀረጻል?»

ስክሪኑ ላይ ያለው የራሷ መዳፍ ነበር። ሰውየው መልኳን አያውቀውም፤ በገጿ ላይ ፊቷን በመደበቋ ብቻ ሳትታወቅ ፊት ለፊቱ ቆማለች። እጇን ከባንኮው ሥር ሸሸገች።

«ከፎቶ አንቀርጽም» አለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት።

አባቷ ማሽኑን አጥፍቶ ዞረ። ደንበኛው ቅር እንዳይለው ብሎ ጀመረ። ሕጋችን ነው ጌታዬ፣ አይቀየሙን፣ ችሎታውማ አላት፣ ልጄ እኮ ናት አለ። ኮሌጅ ናት፣ ጎበዝ ናት፣ ዘንድሮ እዚሁ ከኋላችን ተከራይታ ብቻዋን ትኖራለች፣ ደግሞ አትፈራም አለ። በባንኮው ሥር እግሩን ረገጠችው። አንዴ የተከፈተ አፍ መቼ ይቆማል! የወላጅ ነገር፣ ልጁን ማሞገስ ከጀመረ ፍሬን የለውም።

ሰውየው ስክሪኑን አየ። ከዚያ እሷን አየ፤ ረዘም አድርጎ አያት።

«በርቺ» አላት። ስልኩን ኪሱ ከቶ ሳይቸኩል ሄደ።

ከዚያ በኋላ ነው ሁሉንም የነገረችው፣ የመስኮቱንም ፎቶ፣ የመዳፉንም። አባቷ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ፊቱ አመድ መሰለ። ትልቁን ጋን ቁልፍ ከመደርደሪያው አወረደና በጠራራ ፀሐይ ኪዮስኩን መዝጋት ጀመረ። የገዛ በሩን መቆለፍ አቃተው።

«ልጄ» አለ ሳይዞር፣ «ምን ምን ነገርኩት?»

«ፎቁን አልነገርከውም አባዬ» አለችው። «እሱን እኔ ነግሬዋለሁ።»